ከዘጌ ወዲያ የጎበጠው መስመር

ወደ ጣናው ደቅ ደሴት የሄድሁት ለሥራ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲያ ነበር ያልሁት። ሀብታሙ ድሮ ኤሌክትሮኒክስ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ አሁን አሮጌ ጀልባ ገዝቶ በባሕር ዳርና በደቅ መካከል ሰውና እህል ያመላልሳል። «መምህርት፣ ጂፒኤሱንና የጥልቀት መለኪያውን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝልኝ ሰው አጣሁ» ብሎ ሲደውል፣ ጡረታ ወጥቻለሁ ልለው ነበር። መሪውን ማን እንደሚይዝ ጠየቅሁት። «ጋሽ ይርጋ» አለኝ። እሺ አልሁ።

ይርጋን ላስተዋውቃችሁ። ባለቤቴ አያሌው በዚህ ሐይቅ ላይ የጭነት ጀልባ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከዘጌ ወዲያ ጀልባው ውኃ ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተቀደደ። ሰው አልሞተም፤ እህሉ ግን ሰጠመ። ጉዳዩን በሚያዩት ሰዎች ፊት የመሰከረው ረዳቱ ይርጋ ነበር። «በዚያ መስመር ድንጋይ የሚባል የለም። ሰክሮ ከዳር አጋጨው» አለ። አያሌው ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። እሱ ተባረረ፤ መሪውን ይርጋ ያዘ። ባሌ የሰካራም ስም እንደያዘ ሞተ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ደግሞ ይርጋ ነበር።

ጠዋት፣ ባሕር ዳር

ሰማዩ ከውኃው ጋር አንድ ሆኖ አመድ መስሏል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ የሽርሽር ጀልባዎቹ ሸራ ለብሰው ዳር ላይ ታስረዋል፤ አንዷ ውስጥ ሣር በቅሎባታል።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሁለቱ መሣሪያዎች ጀርባ መረጃ የሚያወጣ ቀጭን ሽቦ ይመጣል። ያንን ወደ ላፕቶፑ ዩኤስቢ ከሚገባ መቀየሪያ ገመድ ጋር ማያያዝ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ የፊደል ውጥንቅጥ ነበር፤ መሣሪያዎቹ በሚልኩበት ፍጥነት ላፕቶፑ አይቀበልም። ፍጥነቱን ሳስተካክል ቁጥሮቹ ጠሩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው የካርታ ፕሮግራም ግን የጣናን ጥልቀት አያውቅም፤ ሐይቁ ባዶ ሰማያዊ ነው። ጀልባችን በላዩ ቀይ ነጥብ ሆነች፤ ስትሄድ ቀጭን መስመር ትተዋለች።

«አንቺ፣ ጣናን በሽቦ ልታስሪው ነው?» አለ ይርጋ ከመሪው ላይ። ጥርሱ ቢረግፍም ሳቁ ያው ነው።

«እርስዎ መሪዎን ይያዙ» አልሁት።

የክብራንንና የእንጦንስን ደሴቶች አለፍን። የዘጌ ደን በስተግራችን ጠቁሮ ቀረ። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዘጌ ጫፍ ትንሽ እንዳለፍን ግን ወደ ቀኝ ጎበጠ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀና። ቀና ብዬ ውኃውን አየሁ፤ ታንኳም መረብም የለም። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስሁ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ በባሌ ላይ ግን የአንድ ሰው አንድ ቃል በቅቶ ነበር።

ደቅ

ከመውረጃው አጠገብ አንዲት ሴት ዓሣ ትጠብሳለች። ዋጋው ካምናው እጥፍ ሆኗል፤ «ዘይቱ ነው እንጂ ዓሣውማ ያው የጣና ነው» አለች። እነ ሀብታሙ በአንድ ትሪ ቀረቡ። እኔ ፈንጠር ብዬ ተቀመጥሁ።

«ነይ እንጂ ብዪ! የጾም ቀን ነው እንዴ?» አለኝ ይርጋ።

«ለእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ላፕቶፑን አየችና «ዓሣ ያለበትን ይናገራል?» አለችኝ።

«የለም፤ የሄድንበትን ነው የሚናገር።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ባውቅ ለባሌ አስርለት ነበር!»

ይርጋ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

መልስ

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠዋት የጎበጠውን ቦታ ጠበቅሁ። ይርጋ ለሀብታሙ ስለ አንድ ደብተራ ቀልድ እያወራ ነበር፤ ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል፣ ውኃውን አያይም። እጁ ግን መሪውን በራሱ ጊዜ አዞረ። የመልሱ መስመር ከጠዋቱ ጎን ለጎን፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው በኩል ጎበጠ። ቀልዱ አልተቋረጠም።

«ሀብታሙ» አልሁ፣ «ጥልቀቱን መመዝገብ አለብን። ወደ ኋላ ተመልሰን በዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ብለን እንለፍ።»

«ጋሽ ይርጋ፣ ያዙሩት እስቲ» አለ ሀብታሙ።

«የት?»

ስክሪኑን አዙሬ በጣቴ አሳየሁት።

«በዚያማ አልሄድም!» አለ። «ጀልባህን ልሰብርልህ?»

ሀብታሙ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። አባቱ የወደብ ሠራተኛ ስለነበሩ የአያሌውን ወሬ ያውቀዋል።

«በምኑ ነው የሚሰበር?» አልሁት።

ይርጋ ሞተሩን ቀነሰ። «አምስት ልጆች ነበሩኝ፤ በረዳት ደመወዝ» አለ።

«እኔ የጠየቅሁዎት ስለ ድንጋዩ ነው።»

«አለ። ድሮም ነበር። አያሌው ያን ቀን ውኃ እንኳ አልጠጣም። በቃሽ?»

«በጉባኤ ይናገሩት።»

«ለማን? ያን ጊዜ የፈረዱት አፈር ለብሰዋል። ያሙትም ሞተዋል። እኔና አንቺ ነን የቀረን።»

እውነቱን ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ሀብታሙ መሪውን ተቀብሎ በቀስታ አቀረበን። መለኪያው ከዘጠኝ ሜትር ወደ አምስት፣ ወደ ሦስት፣ ወደ ሁለት ወረደ፤ እዚያ ላይ ወደ ኋላ ሸሸን። ቦታው ላይ ምልክት አደረግሁ። ፕሮግራሙ ለምልክቱ ስም ጠየቀ።

«የይርጋ ድንጋይ» ብዬ ጻፍሁ።

ይርጋ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ልጄም እኮ በዚህ ሐይቅ ላይ ነው የሚነዳ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህ ካርታ ለነጂ ሁሉ ይሰጣል፤ ስሜን ያያል። አጥፊው፣ በእመቤታችን።»

ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ወደብ ላይ ሀብታሙ ቦርሳዬን ሊይዝልኝ ቢል እንቢ ብዬ በእግሬ ወደ ቤት ገባሁ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከጉዞው የተማርሁት ቢኖር ይህን ነው፦ የሰው አፍ የካደውን እጁ ለዓመታት ሲመሰክር ይኖራል፤ የሚያየው ሲገኝ ግን የሚፈርደው ሞቷል። አያሌው ቢኖር ኖሮ «ተይው፣ አጥፊለት» ይለኝ ነበር። ይርጋ የረታውም በዚህ ደግነቱ ነው። እኔ አላጠፋሁትም።