የሌለ ሰው ጢም

ፀጉር አስተካካዩ በሥራው አይታማም፤ በወሬኛነትም አይታማም። የከተማው ሰው ምላጩ ሥር ተቀምጦ ሆዱን ይዘረግፍለታል፣ እሱ ግን አንገት ጠርጎ ከመሸኘት በቀር ቃል አይተነፍስም። "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይላል፤ ራሱም መላጣ ነው።

የጎሳው ባላባትም የመረጡት ለዚሁ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ግቢያቸው ይገባል፣ ጢማቸውን ይላጫል፣ የአረፋውን ውሃ ደጃፍ ላይ ደፍቶ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ሲገባ ወንበሩ ባዶ ነው። ባላባቱ ታመው ሰንብተው አርፈዋል። በጎሳው ሥርዓት ደግሞ ተተኪው መንበሩ ላይ ተቀምጦ መለከት እስኪነፋ ድረስ የባላባት ሞት አይነገርም፤ ቀብሩም በስውር ነው።

"አንተ መምጣትህን እንዳታቆም" አሉት ሽማግሌዎቹ። "ሰው አንተን ሲያይ ጌታው በሕይወት አሉ ይላል።"

የጎሳው መሐላ ለክርስቲያን አይጠናም ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው የማያውቁት ትልቁ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱስ አስመጡ። ፀጉር አስተካካዩም ለማንም ላይናገር እጁን ጭኖ ማለ። ተንኮል ማለት ይህ ነው፤ ሰውን በገዛ እምነቱ ማሰር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ባዶ ወንበር ፊት ይቀመጣል። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ ያደርጋል፣ አንድ ጢም የሚላጭበትን ያህል ይቆያል፣ ውሃውን ደጅ ይደፋል። የሚያልፈው ሰው ያንን አይቶ ደስ ይለዋል።

ቤቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀው። ሚስቱን ጎረቤቱ "እትዬ አሜን" ነው የሚላት፤ እሷ አሜን ስትል የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበትን መሬት የሰጡት ባላባቱ ናቸውና፣ እሳቸው እስኪድኑ ድረስ ጀምበር ሳትጠልቅ እህል ላትቀምስ ተሳለች። የስኳር ሕመምተኛ ናት።

"ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?"

"ሐኪሙን የፈጠረው ማን ሆነና? ይልቅ ዛሬ አይተሃቸዋል፣ እንዴት ናቸው?"

"ያው ናቸው።" ይሄስ እውነት ነበር።

"እንግዲያው ጸሎቱ አልበቃም" አለችና ውሃም ተወች።

ለእሷ መንገር አማረው። ግን ለእሷ መንገር ራሱ መለከት መንፋት ነው፤ መሐላውም አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

አንድ ቅዳሜ ሲመለስ ማጀት ወድቃ አገኛት። ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋታል። ስኳር በጥብጦ ሲያቀርብላት ጥርሷን ገጠመች።

"እሳቸው... ሳይድኑ?"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። "ድነዋል!" አለ። "ዛሬ ቁጭ ብለው ነው የላጨኋቸው። መላጣዬን አይተው ሳይቀር ቀለዱብኝ!"

አፏን ከፈተች። በማንኪያ እያጠጣት አለቀሰ፤ እሷ የደስታ መሰላት።

ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አላሰበበትም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚስቱ መጽሐፍ ቅዱሷን አንስታ ለምስክርነት ቆመች። "እግዚአብሔር ባላባቱን ከአልጋ አስነስቷል! ባሌ በእጁ ላጭቷቸዋል!" ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሁሉም ዞሮ አየው። አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ እንኳ ተነስቶ ቢናገር ኖሮ እሷን ከውርደት ያድናት ነበር፤ አልተነሳም።

ሳምንት ሳይሞላ መለከቱ ተነፋ። ባላባቱ ከሞቱ ወር ማለፉ ተነገረ። ገበያው ሁሉ በእትዬ አሜን ሳቀ፤ ፓስተሩም ሐሰተኛ ምስክርነት ኃጢአት ነው ብለው ሰበኩ፣ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው።

ባልና ሚስቱ ቤት ሲገቡ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠየቀችው። "ያን ቅዳሜ ማንን ነበር የላጨኸው?"

"መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አስምለውኝ ነው" አላት።

"እኔም ያንኑ መጽሐፍ ይዤ ነበር የቆምኩት።"

አሁን በሰዓቱ ትበላለች፣ መድኃኒቷንም አታቋርጥም። በሕይወት አለች፤ የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ እሱ ይጸልያል። ሲጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ አሜኗን ይጠብቃል። ከወዲያ በኩል የሚሰማው የማንኪያዋ ድምፅ ብቻ ነው።