የማይበቅለው እጅ

ግራ እጇ ላይ የቀሩት አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ብቻ ናቸው። መካከለኞቹን ሦስት ጣቶች ገና ፊደል በምትቆጥርበት ዕድሜ የአናጢ አባቷ መጋዝ ወሰዳቸው። የሰፈሩ ልጆች «ቀንዶ» አሏት፤ የቀሩት ሁለቱ እንደ ቀንድ ቆመው ይታዩ ነበርና። ስሙን አልጠላችውም። የሰደባትን ሁሉ በዚያው ቀንድ ጎኑን ስለምትወጋው፣ ውሎ አድሮ ስሙ የሚያስፈራ ሆነ።

አድጋ፣ ተምራ፣ ዶክተር ስትባል፣ ሥራዋ ሳላማንደር ከሚባሉ፣ እንሽላሊት ከሚመስሉ የውሃ ፍጥረታት ጋር ሆነ። የእነዚህ ፍጥረታት እጅ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል። ከአንጓው ከተቆረጠ የጎደለው መዳፍ ብቻ ይተካል። ከቫይታሚን ኤ የሚገኘውን ሬቲኖይክ አሲድ የሚሉትን ቢጫ ዱቄት በልክ ከሰጧቸው ግን፣ ቁስሉ የተቆረጠበትን ቦታ ይረሳል። ከትከሻዬ ነው የተቆረጥኩት ብሎ እንዳመነ ሁሉ፣ አንጓው ላይ ሌላ ሙሉ ክንድ ከነክርኑ ያወጣል። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይበቅልም።

ሥጋ የት ቦታ እንዳለ በምን ያውቃል? ምንስ ያስረሳዋል? የእሷ ጥያቄ ይህ ነበር። እሷ ራሷ ያ መጋዝ ሲቆም ያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳችውምና፣ መርሳት የሚችል ሥጋ ሳያስቀናት አልቀረም።

ዱቄቱ ብርሃን ካየ ይበላሻል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በብር ወረቀት ጠቅልላ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዳ፣ በደብዛዛ ቢጫ አምፖል ትሠራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የምርምር ተቋሙ ኃላፊ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። እነሱ ካልረዱን ይህ ክፍል ላንቺ አይቀጥልም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሳላማንደሯን በዚያኛው እጅሽ ይዘሽ ፎቶ ተነሺ። ከሥሩ ‹የገዛ እጇን ልታበቅል የተነሳች ተመራማሪ› ተብሎ ይጻፋል።»

«የማን እጅ ነው የሚበቅለው?»

«ለወሬ ያህል ነዋ። ተስፋ መስጠት ምን ነውር አለው?»

«እጄ የእርስዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። ደግሞ በሩን ይዝጉት፣ ብርሃን እያስገቡብኝ ነው።»

«ኋላ ክፍሉ ሲወሰድ እንዳታለቅሺ።»

«ያኔ መሐረብ ያውሱኛል።»

ኃላፊው ግን በሩ ሲዘጋበት በመስኮት የሚገባ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ አባቷ ኮቱን ወንበር ላይ ዘርግቶ ሲቦርሽ አገኘችው።

«አለቃሽ ደወለልኝ» አላት። «ሐሙስ ይምጡ አለኝ። እጅሽ ሊበቅል ነው አሉ፤ ለእኔ መንገር አቃተሽ?»

እውነቱን ሳትነግረው ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ አባቷ ምስማር እንኳ አስይዟት አያውቅም። መዶሻ ባነሳ ቁጥር «አንቺ ራቅ በይ» ነበር። አሁን ኮቱን ሲቦርሽ እያፏጨ ነው። ስንት ዓመት ሆነው ካፏጨ!

ሐሙስ እንግዶቹ ጠባቧን ክፍል ሞሏት። ፎቶ አንሺው ወደ ማብሪያው እጁን ሲልክ «አታብራ» አለችው፤ አላበራም። አባቷ ከፊት ተቀምጧል። ከእንግዶቹ ታላቅ የሆኑት ሴትዮ በርኅራኄ እጇን እያዩ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይህ እጅ መቼ ነው የሚበቅለው?»

አባቷን አየችው። አንገቱን አስግጓል።

«አይበቅልም» አለች።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሳላማንደሯ ላይ የሆነው እውነት ነው። ከእሷ እስከ ሰው እጅ ያለውን መንገድ ግን እስካሁን ማንም አልጨረሰውም፤ እኔም ዕድሜዬ አይበቃኝም። ደግሞ ጣት ፍለጋ አይደለም እዚህ የገባሁት። በነዚሁ በሁለቱ እየሠራሁ ነው እዚህ የደረስኩት። ሥጋ ቦታውን በምን እንደሚያውቅ እየጠየቅሁ ነው። ጥያቄው የሚገዳችሁ ከሆነ ተቀመጡ፣ አሳያችኋለሁ። እጅ ለማየት ከሆነ ደግሞ ይኸው።»

ቀንዶቿን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ከእንግዶቹ ማንም አልተቀመጠም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ክፍሉ ለወንበር ማከማቻ ተሰጠ። ከነሳላማንደር ገንዳዎቿ ከደረጃ ሥር ያለች ጥግ ተጣለችላት፤ ብርሃን ከየአቅጣጫው የሚገባባት። አባቷ ከሐሙስ ጀምሮ አላናገራትም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጥጓን ስትጠርግ ሳንቃ ተሸክሞ ከች አለ።

«ብርሃን አይግባበት ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«በስንጥቅም?»

«በስንጥቅም።»

«እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመሪያ ነበር መንገር።»

የሕንፃው ጥበቃ ከበሩ ሆኖ ሳንቃውን አየና «አባባ፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ የአለቃህ ነው። ቁመቱን ለክተህ አምጣልኝ።»

ዱቄቱ ከብርሃን የሚሸሸግበት ቁም ሣጥን እየቆመ ሄደ። የመጨረሻው ሳንቃ ላይ ሲደርስ አባቷ ምስማር አወጣና ዘረጋላት።

«ያዥልኝ።»

ቀኝ እጇን ሰነዘረች።

«በእሱ ሳንቃውን ደግፊ» አላት። «ምስማሩን በቀንዶቹ።»

ያዘችው። አባቷ መዶሻውን አነሳ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«በል ምታ፣ አባዬ» አለችው። «አስተካክለህ ነው ታዲያ፤ እነዚህም አይበቅሉም።»