በእህቴ ቅልጥም ውስጥ የቀረው

ታላቅ እህቴ ከበቅሎ የወደቀችው ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ነው። ከጓሳ ሜዳ ማዶ የባሏ ዘመድ ሞቶ የመንደሩ ሰው በጠዋት ተያይዞ ወጣ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። በቅሎዋ ረግረጉን ልትሻገር ስትል ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች። እህቴ እግሯን ሳታላቅቅ አብራ ወደቀችና ከሥር ገባች። በቅሎዋ ስትነሳ የእህቴ ቀኝ ቅልጥም ተሰብሯል፤ ነጩ አጥንት ቆዳዋን ቀድዶ ወጥቶ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተሰክቷል።

ይህን የነገሩኝ ባሏ ናቸው። እኔ ያኔም ዛሬም ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ። በቃሬዛ ተሸክመዋት መድረሳቸውን ስሰማ ከክፍል ወጥቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች "እታለም" ነው የምላት። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ አላለቀሰችም ግን።

"ጭቃው ገብቷል" አለችኝ። "ወንዝ ወርደው ውኃ አምጥተው አጥበውኛል። ቢሆንም ገብቷል።"

ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ቁስሉን አጠቡ፣ አጥንቱን አቃንተው ጄሶ አደረጉላት። ጄሶው ሲፈታ እግሯ ቀጥ ብሏል፤ ከቁስሉም የቀረው ጠባሳው ብቻ ነበር። መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ቀጥሎ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመረች። ባሏ በግ አርደው ጎረቤቱን ጠሩ። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ወደየሥራችን ተመለስን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስልክ ደወለች።

"እግሬን ይጠዘጥዘኛል" አለች። "ቆዳው ደህና ነው። ከቆዳው በታች ነው የሚያመኝ።"

"ብርዱ ይሆናል" አልኳት። እሷም "ይሆናል" አለች። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አላት። ጠባሳው አጠገብ ትንሽ እብጠት ወጣ፤ ቀላ፣ ጋለ፣ በመጨረሻ ፈነዳ። መግሉ ሲወጣ ሕመሙ ጥሏት ሄደ። ባሏ ከገበያ እንክብል ገዙላትና ስትውጠው ቁስሉ ደረቀ። ከዚያ ደግሞ ጥዝጣዜው ተመለሰ፤ እብጠቱም በዚያው ቦታ ብቅ አለ። ጠበል ተጠመቀች፣ እንክብሉን ደገመች። ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእኔ በስልክ የምትለኝ "ደህና ነኝ" ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን የበግ ጠጉር ልትሸጥ ዘመሮ መጥታ እቤቴ ገባች። ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጠው እህቴ በሩ ሥር ተቀመጠች። "ነይ እንጂ ወደዚህ" ስላት "እዚህ ይሻለኛል" አለች። ከስታለች። ዝንቦች ከቀሚሷ ጠርዝ አይለዩም ነበር። ምሳ ላቀርብላት ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ቤት ውስጥ የሞተ አይጥ ያለ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ዓይኗን ስትሰብር ግን ገባኝ።

"እታለም፣ እግርሽን አሳዪኝ።"

"ብላ መጀመሪያ።"

"አሳዪኝ።"

የጠመጠመችውን ጨርቅ ቀስ እያለች ፈታችው። ጠባሳው መሐል የገብስ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። በዙሪያዋ ያለው ቆዳ ጠቁሮ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። ከቀዳዳዋ ቀጭን መግል ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህን የምታህል ነገር ያንን ሁሉ ሽታ መስጠቷ አስፈራኝ።

"ይህን ይዘሽ ዝም አልሽ?"

"ሲፈስ እኮ ይሻለኛል" አለች። "የምፈራው ሲዘጋ ነው።"

በማግስቱ ባሏን አስጠርቼ ሦስታችን በአውቶብስ ወደ ሆስፒታል ሄድን። የአጥንት ሐኪሟ ድምጿ ዝቅ ያለ ወጣት ሴት ናት። ብዙ አልጠየቀችም። የእህቴን እግር በመዳፏ ዳበሰች፣ ቀጥላ ቀጭን ብረት አንስታ በቀዳዳዋ አስገባች። ብረቱ ያለ ምንም ችግር ወደ ውስጥ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ጠንካራ ነገር ነክቶ ቀጭ አለ። ድምፁን ሦስታችንም ሰማነው። ባሏ አማተቡ።

የደም ምርመራ ታዝዞ ራጅ ተነሣች። ሐኪሟ ራጁን አሳየችን። በቅልጥሟ መሐል ጥቁር ጥላ አለ፤ በጥላው ውስጥ ደግሞ ከዙሪያዋ አጥንት የተለየች ነጭ ስንጣሪ ብቻዋን ተቀምጣለች።

"እናቴ፣ ይህች የሞተች አጥንት ናት" አለቻት። "አደጋው ሲደርስ ደም ተቋርጦባት ሞታ እውስጥ ቀርታለች። ጀርሙ መኖሪያ አድርጓታል። ደም ስለማይደርሳት የሚውጡት መድኃኒትም አይደርሳትም። በዙሪያዋ ያለውን ያደርቃል እንጂ እሷን አይነካትም። ተከፍቶ መውጣት አለባት።"

"ታዲያ ዛሬውኑ አውጪያት" አለች እህቴ።

ሐኪሟ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። እንክብሉ በሰውነቷ ውስጥ ካለ ጀርሙ በምርመራ ላይታይ እንደሚችል አስረዳችን። የትኛው ጀርም እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ የሚገድለውን መድኃኒት መምረጥ ያስቸግራል። ስለዚህ መድኃኒቱን አቁማ ትንሽ ትቆይ። ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይዛችኋት ኑ አለች።

"መድኃኒት ፍለጋ መጥተን መድኃኒት አቁሚ?" አሉ ባሏ ስንወጣ።

ከባሏ ጋር ዘመሮ እኔ ዘንድ ቆየች። እንደዚያ ያለ መጠበቅ አይቼ አላውቅም። መግሉ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ፤ እኔ ደስ ሲለኝ እሷ ፊቷ ይጠቁር ነበር። አንድ ጠዋት ቀዳዳዋ ተዘግታ አገኘናት። ላይዋ በስስ ቆዳ ተሸፍኗል።

"ዘጋ" አለች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ቅልጥሟ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ በእናታችን ስም ጠራችኝ። ባሏ መኪና ለመኑ፤ ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተናት ሄድን። በመንገዱ ሁሉ ባሏ ያለማቋረጥ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ እኔ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ሐኪሟ እንዳየቻት ኦፕራሲዮን ክፍሉ እንዲዘጋጅ አዘዘች። ለእኛም ሳትሸሽግ ነገረችን፤ መርዙ ወደ ደም መግባት ጀምሯል፣ እግሩን ለማዳን ትሞክራለች፣ ካልሆነ ግን ነፍሷን ታስቀድማለች። ባሏ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

አልጋው ሊገፋ ሲል እህቴ እጄን ያዘች። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሎላት ነበር።

"ከቆረጡት" አለች፣ "እግሬን እዚህ አታስጥለው። አገራችን ወስደህ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቅበረው። ቀሪዬ ሲመጣ እዚያው ይገናኛል።"

"እሺ" አልኳት።

በሩ ተዘጋ። ባሏ መድገማቸውን ትተው ወለሉን ያያሉ። "እግሯን ይዘው ሲወጡ እናይ ይሆን?" አሉኝ በመጨረሻ። እኔም የማስበው ያንኑ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ፊታችንን እናዞር ነበር።

ሐኪሟ ስትወጣ ላብ ግንባሯ ላይ ነበር። "እግሩ አለ" አለች። ባሏ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። እሷ ክዳን ባለው ብልቃጥ ያወጣችውን አሳየችን፤ ስንጣሪዋ ቢጫ ናት፣ ምስጥ እንደ በላው እንጨት ተቦርቡራለች። ያችን ትንሽ ነገር ሳይ ቁጣ እንጂ እፎይታ አልተሰማኝም።

ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ጀርሙ ታወቀ፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ተመረጠ። ለሳምንታት በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ቀጥላ ለወራት ዋጠች። የሳሳው አጥንት እንዳይሰበር ከውጭ በብረት ተደግፎ ቆየ። ብረቱ ሲወጣ እግሯ ትንሽ አጥሮ ነበር። ግን ቆመች።

የስንብቱ ቀን እህቴ ሐኪሟን ትክ ብላ አየቻትና "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወጣ ወይስ ተኛ?" አለቻት።

"ያየሁትን ሁሉ አውጥቻለሁ፣ እናቴ። ያላየሁት ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም። ይህ ሕመም ከዓመታት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ቦታው ከጋለ፣ ካበጠ፣ ከጠዘጠዘዎት እቤት አይቀመጡ።"

አሁን ቤቷ ናት። ጠጉር ትፈትላለች፣ ዱላ ተደግፋ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። በቅሎዋ ተሸጣለች። ስልኩን ሳነሳ "ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ እኔ ግን ያንን ቃል ማመን ትቻለሁ፤ እየሄድኩ በዓይኔ አያለሁ።

ባለፈው ስሄድ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ሳልጠይቃት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችልኝ። ጠባሳው ደርቋል፣ ጥልቅ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

"ግራውን ንካ" አለችኝ። ነካሁ። "አሁን ቀኙን።"

ቀኙ ሞቅ አለኝ። ፊቴን ታይ ነበር። ፀሐዩ በቀኝ በኩል ነው የሚመታት፤ ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ደግፌ አስነሳኋትና ጥላው ሥር ወሰድኳት። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ አወራን። እኔ የምትለውን በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። በመጨረሻ ራሷ እጄን ይዛ ጠባሳው ላይ አሳረፈችው፤ የራሷን እጅ ደግሞ በግራው ላይ አደረገች። ቆየት ብለን እጃችንን አቀያየርን። ቀኙ እንደ ግራው ቀዝቅዟል።

"ዛሬ የለም" አለች፤ ቀሚሷን መለሰችና እንዝርቷን አነሳች።