ካላዩት የሚናገር ሰው

ማክሰኞ ማክሰኞ ስምንት ሆነን ስለ ጭንቀታችን በምንወያይበት ክፍል ውስጥ አንድ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ አለ። ግራጫ የሥራ ካፖርቱን አያወልቅም፤ የእጅ ባትሪው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ስድስት ሳምንት ሙሉ የሁላችንንም ብሶት አዳመጠ፤ ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ አላለም።

አማካሪያችን ፊዚክስ ነፍሷ ነው። «ከአቶም የሚያንሱ ነገሮች ሲመለከቷቸው ጠባያቸው ይለወጣል፤ ሰውም እንዲሁ ነው» ትላለች። ስለዚህ መናገር ያቃተው ሰው ሲኖር ወንበራችንን ወደ ግድግዳ ታስዞረናለች።

«እህቴ» አላት ሰውዬው፣ «ሃያ ዓመት ቆጣሪ አየሁ። አየኝ ብሎ የቀነሰ ቆጣሪ አላጋጠመኝም።»

ሳቅን። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። «እስቲ ዙሩለት» አለች፤ ዞርን። እኔ የደረሰኝ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነበር።

«እናቷን ከቀበርን ወዲህ ልጄ ሦስት ጊዜ መጥታ አንኳኳች» አለ ከኋላችን። «ቤት ነበርኩ። አልከፈትኩላትም። የሰው በር ሳንኳኳ ውስጥ ሆነው ዝም የሚሉኝን ስረግም የኖርኩት ሰውዬ!»

ማንም አልዞረም።

«ሰማችሁ?»

«ሰምተናል ጋሼ» አልን ሰባታችንም፣ ለግድግዳው።