መኪና የማይደርስበት መንገድ

ይህ የሆነው የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ፣ በሁዳዴ ጾም አንድ ዓርብ ቀን ነው። ያን ቀን አሠሪዬ እጄ ላይ ቢሞቱ ኖሮ ዛሬ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ትዝ የሚለኝም ለዚሁ ነው።

አሠሪዬ ሚስ ሄለን ይባላሉ። እንግሊዛዊት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ባል የለ፣ ልጅ የለ፤ ያላቸው ሁለት ብስክሌት ነው። የምንግባባው በዐረብኛ ነው፤ የእሳቸው ዐረብኛ ከእኔም ይብሳል። ከምሳ በኋላ ፎቶ እያሳዩ ስለ አገራቸው የብስክሌት መንገድ ያወሩኛል። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው ሐዲድ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተደልድሎ፣ ብስክሌትና እግረኛ ብቻ የሚሄድበት ሆኗል አሉ። በእርሻና በጫካ መሃል ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ቢውሉ አንድ የመኪና ጥሩምባ አይሰሙም። ሲደክማቸው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ገብተው ሻይና ኬክ ነው።

"እኛ ባቡር አጥተን እናንተ ሐዲድ ነቅላችሁ ትንሸራሸራላችሁ?" ስላቸው ከት ብለው ይስቃሉ።

ካርቱም አስፋልት ላይ በብስክሌት መውጣት ግን በነፍስ መጫወት ነው። ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ከዚህ፣ አውቶቡሱ ከዚያ፣ ማንም ለማንም አያዝንም። ሲያፈላልጉ ከርመው ቱቲን አገኙ። ነጩና ጥቁሩ ዓባይ ሲገናኙ መሃል ላይ ያስቀሯት ደሴት ናት። ድልድዩን ተሻግረው መንደሩን ካለፉ ሁሉም እርሻ ነው። በእርሻው መሃል የሚያልፈው መንገድ ለአህያ ጋሪ እንጂ ለመኪና አይበቃም። ሚስ ሄለን መጀመሪያ ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ይኸው አገሬ" አሉ። አቧራ ላይ ቆመን፣ ዝንብ ከቦን።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ጠዋት አንድ የምናውቀው ሾፌር ብስክሌቶቹን ቦክሲ በሚሏት ፒካፕ መኪናው ጭኖ ድልድዩ ማዶ ያወርደናል፤ ረፋድ ላይ ስንደውልለት መጥቶ ይወስደናል። እኔም በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ብስክሌት ተማርኩ። ጉርዴ በሰንሰለት እየተያዘ ስንቴ እንደወደቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የደሴቲቱ ሴቶች በራቸው ላይ ቆመው "ሐበሺያዋ ወደቀች" እያሉ ይስቁብኛል። ድንቄም ሽርሽር እል ነበር በሆዴ። በኋላ ግን ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያን ዓርብ ሚስ ሄለን ደሴቷን ዛሬ ዙሪያዋን እንጨርሳታለን ብለው ተነሡ። መኪና የማይገባበትን መንገድ እየተከተሉ በደብተር ይሥሉ ነበርና አንድ ጎን ብቻ ቀርቷቸዋል። እኔ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ በእሳቸው ብስክሌት ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኩ። ለራሴ አልያዝኩም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም።

የሎሚ እርሻ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ጠፋብን። አንዱ ሲሄድ ሲሄድ አጥር ላይ ያበቃል፣ ሌላው መልሶ እዚያው ያመጣናል። ረፋዱ አለፈ። የመጋቢት ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። "እንመለስ፣ ሚስ ሄለን" ብላቸው "ይህችን ብቻ" ይላሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ፊት ፊቴ የሚሄደው ብስክሌታቸው ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቦይ ዳር ተጋደመ። እሳቸውም አብረው።

ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥኩ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ ሲነኩት ይፋጃል፤ ላብ የሚባል ጠብ አይልም። ቅርጫቱን በረበርኩ። ቴምር አለ፣ ደብተሩ አለ፣ ውኃ የለም።

"ውኃውስ?" አልኳቸው።

"ፍሪጅ ውስጥ" አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ። "አወጣሁት። አንቺ ሳትጠጪ እኔ ፊትሽ እንዴት እጠጣለሁ?"

ባለፈው ዓርብ ለምን ውኃ እንደማልጠጣ ጠይቀውኝ ነግሬያቸው ነበር። ለካ ካርቱም ስንት ረመዳን ሲኖሩ፣ በጾመኛ ፊት ውኃ መጠጣት ነውር መሆኑን ተምረዋል። ያንኑ የረመዳን ሥርዓት በእኔ ሁዳዴ ላይ አመጡት። ልቆጣ ልሳቅ ልሙት አላወቅሁም። እኔን አክብረው ሊሞቱብኝ ነው።

ሾፌሩ ጋ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ዓርብ ነው፣ ስድስት ሰዓት ነው፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ነው። እርሻው ውስጥ ወፍ እንኳ የለም። መኪና የማይደርስበት መንገድ ስንፈልግ ከርመን ይኸው አገኘነው። እመብርሃን፣ አንድ መኪና ስጪኝ ብዬ ለመንኩ፤ ቢያጨሰኝም፣ ቢረግጠኝም አንድ መኪና።

የራስ መሸፈኛዬን ቦዩ ውስጥ ነክሬ ደረታቸው ላይ አለበስኳቸውና፣ የአህያ ድምፅ ወደሰማሁበት ሮጥኩ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ በጋሪው ወደ መስጊድ ሊወጣ ነው። እድሪስ እባላለሁ ያለኝ በኋላ ነው፤ ያኔ ስም የምጠያይቅበት ልብ አልነበረኝም። "አሮጊት እየሞተችብኝ ነው" ብቻ አልኩት።

አንድ ቃል አልጠየቀኝም። አህያውን አዞረ። ሚስ ሄለንን ከነጭቃቸው አቅፎ ጋሪው ላይ ሲያስተኛቸው ያ ነጭ ልብስ አፈር በላ። ጁምዓውም አመለጠው። ከእርሻው ዳር ወዳለች የሳር ዳሱ ወሰደን። እዚያ ጥላ ሥር ዚር አለ። ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፤ መንገደኛ ሁሉ የሚጠጣበት፣ ውኃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። በቆርቆሮ ኩባያ ቀድቶ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምሮ፣ ሎሚ ጨምቆ ሰጠኝ።

ቀና አድርጌ ኩባያውን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ። አፋቸውን ገጠሙ።

"ይጠጡ እንጂ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን በግድ ገልጠው እኔን አዩኝ። "ዘጠኝ አልሆነም" አሉ።

ሰው ሲግል ልቡ አንድ ነገር ይይዝና አይለቅም። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ባለቅስ ወይ ፍንክች። እድሪስ ግራ ገብቶት "ምንድነው የምትለው?" አለኝ። ነገርኩት። ኩባያውን በአገጩ እያሳየኝ "እንግዲያው ቅደሚያት" አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴ ገድፌ አላውቅም። ታምሜ እንኳ አልገደፍኩም፤ በዚህም ሳልኮራ አልቀርም። አማተብኩና ከኩባያው ጉንጭ ሙሉ ተጎነጨሁ። እያዩኝ ዋጥኩት። ያኔ ሚስ ሄለን እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ኩባያ፣ ሁለት ኩባያ፣ ሦስተኛው ላይ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። በሰው ላብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነፍሴ መለስ አለች፤ እዚያው መሬት ላይ ተዘርጥጬ አለቀስኩ። እድሪስ ለእኔ ሌላ ኩባያ ቀድቶ ሰጠኝና ፊቱን አዞረልኝ።

ከሶላት በኋላ ሾፌሩ ስልኩን ከፈተ። እድሪስ በጋሪው ድልድዩ ድረስ አደረሰን፤ ብስክሌቶቹንም ሁለተኛ ተመልሶ አመጣቸው። የሄድንበት ሐኪም ግሉኮስ ተክሎላቸው፣ ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለና ቀሪውን ተወው። ሚስ ሄለን አልጋው ላይ ሆነው መጀመሪያ የጠየቁኝ ደብተሩን ነው። እንደዚያ ቀን ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። አሠሪዬ ናቸው አላልኩም፤ እንደ እናቴ ተቆጣኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

በሳምንቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጾም መግደፌን ተናገርኩ። ነገሩን ከጥንቱ ጀምሬ አጫወትኳቸው። ቀኖና እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ግን "ሴትዮዋ ተረፈች?" ብለው ጠየቁኝ። ተርፈዋል አልኳቸው። "እንግዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?" አሉኝ።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ሚስ ሄለንም አገራቸው ናቸው፤ በፋሲካ ሲደውሉ ድምፃቸውን ስሰማ ዛሬም እፎይ እላለሁ። ሁዳዴን እስከ ዛሬ እጾማለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እቆያለሁ። እግዜር ከጾምኩት ቀን ሁሉ የትኛውን እንደተቀበለልኝ ግን አላውቅም። እርግጠኛ የሆንኩት ያን አንድ ጉንጭ የጠጣሁበትን ቀን ብቻ ነው።