አባቴ የጨመራቸው አሥር ዓመታት

መዝገብ አይዋሽም ይባላል። ይዋሻል። በቤተሰባችን ከተነገሩት ውሸቶች ሁሉ ትልቁ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በሲባጎ ታስሮ። የዋሸው ደግሞ አባቴ ነው። እንቁላል ሰርቀን «አላየንም» ስንለው ስለ እንቁላሉ አንድ፣ ስለ ውሸቱ አምስት ልምጭ ይቆጥርልን የነበረው አባቴ።

ነገሩ የተጀመረው በራሱ ለቅሶ ላይ ነው። አምቦ፣ ደጃፋችን ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ ከጎጆ ከተማም ከሸነንም መጥቶ ነበር። አዳዳ ከውስጥ ፍራሹ ላይ፣ ከፊት ተቀምጣለች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ የአባቴን ታላቅ እህት ከዚህ በቀር በሌላ ስም ጠርተናት አናውቅም። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ጉልበቷ የደከመ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ፣ እዚያው ቤት አብራን የምትኖር ሴት ነበረች። ያን ጊዜ የአባቴ አጎት ልጅ፣ እሱም ያረጀ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

«እዚያ ቦታ የሥጋ እህት ብትቀመጥበት ደግ ነበር» አለ።

«እኔስ ማን ሆኜ ነው?» አለች አዳዳ።

«እሱንማ ባኮ ያሉት ያውቃሉ።»

ሰው ተንጫጫ። አንዱ «ኧረ ተው፣ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ!» አለው፤ ሌላው ክንዱን ይዞ ወደ ድንኳኑ አወጣው፤ የቀሩት ስለ በቆሎ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። አዳዳ ከቦታዋ አልተነሣችም። በሦስተኛው ቀን ግን ጓዳ ጠራችኝ።

«አንተ አንባቢ ነህ አይደል? አባቴ ሲሞት ጎጆ ላይ ክርክር ነበር። እኔን እቤት ትተውኝ ወንዶቹ ብቻ ሄዱ፤ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ወረቀቱን ፈልግና አንብብልኝ። የእነሱ ልጅ ልሁን አልሁን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

እዚያው ቆሜ «አዳዳ፣ ምን ዓይነት ጅል ወሬ ነው? ይልቅ ሻይ አምጪልኝ» ብያት ብወጣ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ማንኛውም የአጎቴ ልጅ እንዲያ ያደርግ ነበር። እኔ ግን በዚያው ሰሞን አንድ ረጅም ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ስትገዛ የኖረ አንድ ተራ ቤተሰብ፣ ትውልዱ በኑዛዜና በፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ እንዴት ተቆጥሮ እንደተገኘ ይተርካል። አንዱ አባት ለሚስቱ አልጋና ድስት ያወርሳል፤ ላስቀየመው ልጁ አንዲት ሳንቲም ይተዋል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ አንድ ጡረተኛ ያቺን ሳንቲም ተከትሎ ቅድመ አያቱን ያገኛል። ቀናሁ። እኛ ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በአፍ ነው። ጎጆ ያለ ሽማግሌ ሁሉ አሥር አባት ወደ ላይ ሳይተነፍስ ይቆጥርላችኋል፤ እኔ ደግሞ ይህን እንደ ዘፈን እንጂ እንደ ማስረጃ አይቼው አላውቅም። ወረቀት ይምጣ ባይ ነበርኩ። ስለዚህ አዳዳ «ወረቀት» ስትለኝ ደስ አለኝ። አባቴ ከተቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር።

አምቦ ፍርድ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ የድሮው አውራጃ መዝገብ ለየወረዳው ተከፋፍሏል አሉኝ። ወደ ጎጆ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም መንገድ ተዘግቶ ተመለስኩ፤ በእነዚያ ዓመታት መንገድ የተዘጋበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ ነጠላ አጣፍታ፣ ከብርዱ የተነሣ እጇን ከብብቷ ሳታወጣ ነው ያነጋገረችኝ።

«የስንት ዓመተ ምሕረት ነው ኦቦ?»

«አላውቅም። ንጉሡ ሳሉ ነው።»

«የንጉሡን አይጥ በልቶታል። የደርግን ላምጣልዎት? ወረቀቱ ይመራል መሰለኝ አይጥ አይነካውም።»

ግን ደግ ሴት ነበረች። ጆንያ በጆንያ ላይ እየገለበጠች ሁለት ቀን አብራኝ ፈለገች። ሲገኝ እያገላበጠች አየችውና፣

«ይኼን የጻፈው ሰው ነው ዶሮ?» አለችኝ። ዛሬ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ የዚያ ዘመን አማርኛ ለእሷ እንደ ግዕዝ ነው። እኔም ብሆን እየተደናበርኩ ነው ያነበብኩት። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ ያልወጣው የአባቴ አጎት፣ ለቅሶው ላይ የተናገረው ሰው አባት፣ በአስተርጓሚውና በጸሐፊው አፍ እንደ ቤተ መንግሥት ሰው ይናገራል።

መጀመሪያ የአያቴ ኑዛዜ ነው። አጭር ነው። ከምንጩ በላይ ያለው የገብስ ማሳ ለወንድ ልጄ፣ ከምንጩ በታች ያለው ለሴት ልጄ ይላል። ልጄ፣ ልጄ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም።

ቀጥሎ የአጎትየው ክስ ነው። ይህች ሴት የወንድሜ ልጅ አይደለችም ይላል። ሚስቱ አልወልድ ስትል፣ ከባኮ በኩል ከመጣች አንዲት መንገደኛ ገና ጡት ሳትጥል የተቀበሏት ናት፤ ዳኛ ፊት የተጻፈ የጉዲፈቻ ውል የለም፤ ስለዚህ በሕግ ፊት ምንም አይደለችም። በአገሩ ወግ ቢሆን ይህን ማለት ራሱ ነውር ነበር። ሽማግሌ የመረቀውን የጉዲፈቻ ልጅ «አልተወለደም» የሚል ሰው ነው የሚዋረደው። አዲሱ ሕግ ግን ወረቀት ይጠይቃል። ማንበብ የማይችለው አጎት ይህን የሚያነብለት ሰው አግኝቶ ነበር። እንደ እኔ ያለ ሰው መሆን አለበት።

ከዚያ የአባቴ ቃል። ዕድሜ ሠላሳ ሦስት። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ምሏል። «እናቴ በቤታችን ስትወልዳት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሜ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። አባቴ በግ አርዷል» ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት። አዳዳ አባቴን በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። በዚያ ቀን እሷ ሃያ ሰባት፣ እሱ ሃያ ሦስት ነበሩ። አጎትየው «ይህ ልጅ ታናሿ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቃል» ብሎ እንደጮኸ ጸሐፊው አስፍሮታል። ከሌላ አገር የመጣው ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቶ ጠየቀ። ሁለቱም «ታላቋ ነው» ብለው አሻራቸውን አኑረዋል። ፍርድ ተሰጠ፤ ልጅ ናት ተባለ። አጎትየው ይግባኝ እላለሁ ብሎ ዝቶ ወጣ።

እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ሌላ ነገር ገባኝ። አባቴ በዓመቱ አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር የጻፈው ዕድሜ ሠላሳ አራት ነው። አጎትየው እስኪሞት ድረስ ስህተት ሲፈልግበት ኖሯልና፣ አባቴ መዝገቡ ላይ የተናገራትን አንዲት ቁጥር በየትም ወረቀት ላይ ሊያፈርሳት አልደፈረም። በዚህም ሸነን ላይ በአርባ አምስት ዓመቱ፣ በወረቀት ግን በሃምሳ አምስት፣ ጡረታ ወጣ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እኩዮቹ ደብተር ያርማሉ፣ እሱ ጓሮ ድንች ይኮተኩታል። እናቴ «ይኼ ጉልበት እያለው የተጦረ ሰው» እያለች ስታማርር ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን፣ ሁሉን አውቃለሁ በምልበት ዕድሜ፣ «የራሱን ዕድሜ መቁጠር ያልቻለ የሒሳብ አስተማሪ» አልኩት፤ ወንድሞቼ ሳቁ። እሱ ዶማውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈ።

ግልባጩን ይዤ አምቦ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አዳዳ በረንዳ ላይ እግሯን ፀሐይ ታስመታለች። አማርኛውን እያየሁ በኦሮምኛ አነበብኩላት፤ ሁሉንም፣ የአጎትየውን ቃል እንኳ ሳልዘል። ሐቀኝነት ይህ ነው ብዬ አምን ነበር። የአባቴ ዕድሜ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ስንት አለ?»

«ሠላሳ ሦስት።»

ሳቀች። እስክትስል ድረስ ሳቀች። «የኔ ጅል! ያን ጊዜ እኮ ጢም እንኳ አላበቀለም! እና ምን አለ፣ በሩ ላይ ቆሜ አለ?»

«አዎ፣ አዳዳ።»

«እሱን በጀርባዬ አዝዬ ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ።» ሳቋ ቆመ። «እንግዲያው እኔ ስወለድ ያየ ሰው የለም።»

እኔ ሆዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ፍርዱ የጸና ነው፣ ይግባኝ አልተባለበትም፣ በሕግ ልጅ ነሽ አልኳት። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ።

«የሴትዮዋ ስም አለ?»

«የለም። አንዲት መንገደኛ ብቻ ነው የሚለው።»

«መንገደኛ» አለች። 

ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። በሳምንቱ «አዳዳ ምን ሆናለች? አመሰገነችኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ይኼን ወጥ ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» እያለች ጨው የምትጨምርብን ሴት፣ ያቀረብንላትን ሁሉ በልታ «ደክማችኋል፣ ጌታ ይባርካችሁ» ማለት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን አጥፋ ከአልጋው ግርጌ ታስቀምጣለች። መኝታ ቤታችን ሳታንኳኳ ገብታ መጋረጃ ትገልጥ የነበረችው፣ ሳሎን ለመቀመጥ ዓይናችንን ታያለች። ጎረቤት ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ስንሄድ በሩ አጠገብ፣ የሩቅ ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወደ ፊት ነይ ብላት «እዚህ ይበቃኛል» አለችኝ።

አንድ ቀን ተናደድኩባት። «አባቴ አንቺን ላለማጣት ከዕድሜው አሥር ዓመት ከፍሏል። ይኼ አይቆጠርም?»

«እንዴት አይቆጠርም፣ ኢልማ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ይቆጠራል እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የማመሰግነው። ግን ለእህቱ ብሎ የሚዋሽ ማን ነው? ለእህት እውነቱ ይበቃ ነበር።»

 ያነበብኩት ሁሉ አንድ መስመር መልስ አላዋጣልኝም።

በቀጣዩ ክረምት ታመመች፤ ብዙም አልቆየች። የመጨረሻዎቹን ቀናት ባለቤቴ አንሶላ በቀየረችላት ቁጥር ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሏ «አስቸገርኳችሁ» ነው። እንግዳ ለባለቤቱ የሚለው ቃል ነው። ቤቱ ግን አባቴ ሲሠራው ጭቃውን እሷ ናት ያቦካችው።

ሞቷን ላስመዘግብ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ለሟች ምናቸው ነዎት?»

«የወንድማቸው ልጅ።»

«የሥጋ?»

«የሥጋ።»

«ማስረጃ?»

ግልባጩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ማኅተሙን ብቻ አይቶ መለሰልኝ፣ የራሱን መታ፣ «ቀጣይ» አለ። ከመቶ የማያንስ ሰው ቀበራት። ለቅሶዋ ላይ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ የአጎትየው ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። እሱ በአባቴ ለቅሶ የተናገረው በንዴት ነበር፣ ሰውም ወዲያው አፉን ይዞታል። እኔ ግን በእርጋታ፣ ገጽ በገጽ ነው የነገርኳት፣ አፌንም የያዘኝ አልነበረም።

ከእናንተ መካከል ቤቱ እንዲህ ያለች ሴት ያለችው ሰው ይኖራል። ብትጠይቃችሁም መዝገብ አትፈልጉላት። ዛሬ ሂዱ፤ ሳታስፈቅዱ ከሳህኗ ጎርሱ።