የጋሽ ሰይድን ፎቅ ያጠብንበት ቀን

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር ደረጃ የሚወጣበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ሰይድ ፎቅ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ላይ የቆመ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከታች ሱቆች፣ ከላይ የእንጨት ሰገነት አለው። እናቴ አንዷን ሱቅ ተከራይታ ማሾና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በዚያ የቆላ ፀሐይ እየሮጥኩ እመጣና ጉንጬን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የማሾው ከረጢት፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የሰገነቱ አሮጌ ጽድ ሽታ አንድ ላይ ይቀበለኛል።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሰይድ ሽርጣቸውን አገልድመው በሩ ላይ ይቀመጡና ታሪኩን ያወሩልን ነበር። አያታቸው አሊዩ አምባ በምትባል የገበያ ከተማ የጨው ነጋዴ ነበሩ። የመኪና መንገድ ሲወጣ ወደ ሮቢት መጥተው ይህን ቤት ሠሩ። መኪናውን ግን ብዙም ስላላመኑት፣ በሩን ጭነት የያዘ ግመል እንዲያስገባ አድርገው አሰፉት። ፎቁ ላይ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ማድ ቤት አለ፤ አንዱ ለሙስሊም እንግዳ፣ አንዱ ለክርስቲያን። «ማንም ሥጋ ሳይበላ ከቤቴ አይወጣም ብለው ነዋ!» ይሉን ነበር ጋሽ ሰይድ።

አንድ ሰሞን ታዲያ ፎቁ አርጅቷልና በማዘጋጃ ቤቱ ትእዛዝ ፈርሶ ዘመናዊ ሕንፃ ይሠራበታል የሚል ወሬ መጣ። እናቴ ከዚያ ሱቅ ከወጣች ሌላ የምትገባበት አልነበራትም። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ ደረሰ፤ የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ሊያዩት ነው፣ ከመዘገቡት ማንም አይነካውም ተባለ። ገበያው በደስታ ተናጠ።

እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት ይቀባል፤ እኛ የምናውቀው ይህንን ነው። በዋዜማው ነጋዴው ሁሉ ኖራ በጥብጦ ወጣ። ብሩሽ ያለው በብሩሽ፣ የሌለው በመጥረጊያ፣ እኛ ልጆች በጨርቅ ስንቀባ ዋልን። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ሙሽራ አስመሰላችሁት እኮ!» አሉ።

በማግስቱ አንዲት ወጣት ባለሙያና አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ መጡ። ወጣቷ ከመኪና ወርዳ ግራ ቀኙን አየች።

«አሮጌው ቤት የት ነው?»

«ይኸውና፣ ከፊትዎ!» አለች እናቴ በኩራት።

ወጣቷ ግድግዳውን ነካ አድርጋ ነጭ የሆነ ጣቷን ተመለከተች። «ድንጋዩ ካልታየ ምኑን እንመዘግበዋለን?» አለች ለስለስ ብላ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ሽማግሌው በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አደረጉት። «መቼ ነው የቀባችሁት?»

«ትናንት።»

«እንግዲያማ ገና አልያዘም። ውሃ ካገኘ ይለቃል። እኛ ምሳ በልተን እስክንመለስ...»

አላስጨረሷቸውም። ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ውሃ!» ብለው ጮኹ።

ምን ልበላችሁ! ጄሪካን የጫነ አህያ ከወንዝ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ወንዝ ይመላለስ ጀመር። ሱቁን የዘጋም ያልዘጋም ባልዲ ይዞ መጣ። እኛ ልጆች ሰገነቱ ላይ ወጥተን ከላይ እንደፋለን። እኔ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት የምፈራዋ ልጅ፣ «ዞር በሉ! መጣላችሁ!» እያልኩ ስጮህ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

«ያንቺው ናት፣ ዛሬ ነው የተወለደችው!» አሉ ጋሽ ሰይድ እየሳቁ።

መንገዱ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። እኛም ወፍጮ ቤት የዋልን መሰልን። ከሁለቱም ማድ ቤት ጭስ ይወጣል፤ ሁሉም ለየራሱ ሰው ያበስላል፣ ሁሉም አብሮ ያጥባል። ድንጋዩ ብቅ ባለ ቁጥር እልልታ ነው። የበሩ ግራና ቀኝ ግመሎቹ በጭነታቸው እየታከኩ ሲያልፉበት ኖረው ያለሰለሱት ነው። እርጥብ ሲሆን እንደ መስታወት አበራ። ሽማግሌው ተመልሰው መጡና መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረው «መዝግቢው» አሏት። የእናቴ እልልታ የዚያን ቀን ከማንም በላይ ተሰማ።

ጋሽ ሰይድ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቤቱ ግን አለ፤ እናቴም እዚያው ሱቅ ውስጥ ናት፣ እኔም አብሬያት እሸጣለሁ። በዙሪያችን የመስታወት ሕንፃዎች በቅለዋል። ሁሉም የራሱን ደጅ በራሱ ቧንቧ ያጥባል። በእኛ ግድግዳ ላይ አሁን ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደግ ነው፣ እንዲቆይ ነው። እኔ ግን ከተማው ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ ሲቀባው፣ ሲያጥበው የዋለበት ቀን ይናፍቀኛል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ማሾዋን ማበጠሯን ሳታቆም «እሱስ እኔንም ይናፍቀኛል» ትለኛለች። «ግን ባይታጠብ ኖሮ፣ አንቺና እኔ ዛሬ የት ተቀምጠን እንናፍቀው ነበር?»